አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር

ጀልባ አከራይዋ ሴት ለሦስተኛ ጊዜ ደወለች። የሁለተኛው ሰው የሥልጠና ወረቀት አሁንም አልደረሰም። ኦገስት መጨረሻ ላይ የሚሄዱበት ባሕር ጉም በጉም ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ባለ ሸራ ጀልባ ይዞ እንዲወጣ አይፈቀድም። ዛሬ ቢሮ ሳይዘጋ ወረቀቱ በፋክስ ካልመጣ ጉዞው ይሰረዛል።

«ይልካል» አላት ሽኩር። «ፈሪድ ራሱ ይልካል።»

ስልኩን ዘግቶ ወደ ጠረጴዛው ዞረ። ወንድሙ ፈሪድ ከሞተ ሰባት ወር አልፎታል።

ጠረጴዛው ላይ የባሕሩ ካርታ ተዘርግቷል። በዋሽንግተን ስቴትና በካናዳ መካከል የሚገባ ጠባብ ባሕር ነው። የፈሪድ የእርሳስ መስመር ከወደቡ ተነስቶ ዳርዳሩን ይዞ ይሄዳል። በየመታጠፊያው ጽፎበታል። «እዚህ የውሃው ፍሰት እስኪዞር ጠብቅ።» ትንሽ አለፍ ብሎ ደግሞ፦ «እዚህ ዓይንህን አትመን፤ ጆሮህን ክፈት።»

ከሚኖሩባት ከአውሮራ ከተማ ተነስቶ ባሕር ለማግኘት ከሺህ ማይል በላይ መሄድ አለ። ነገሩ የመጣው ፈሪድ በታክሲው አንድ ሽማግሌ ቼሪ ክሪክ ሐይቅ ካደረሰ በኋላ ነው። ሽማግሌው ጀልባው ላይ አሳፈረው፤ ፈሪድ ያን ቀን ሌላ ሰው ሆኖ ቤት ገባ። በዓመቱ ሽኩርንና የሥራ ጓደኛቸውን መኮንንን ጎትቶ ሦስቱም የሸራ ጀልባ መንዳት ተምረው ወረቀት ያዙ።

ከትምህርቱ ሁሉ ፈሪድ የወደደው የጉሙን ሕግ ነበር። ጉም ውስጥ ያለ ባለ ሸራ ጀልባ ጡሩምባ ይነፋል፤ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር። ከዚያ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ ይነፋል። ፈሪድ ታክሲውን አፓርትመንቱ ሥር ፓርክ ሲያደርግ ክላክሱን እንደዚያ ይነፋ ጀመር። እናታቸው ሲቲ ያንን ስትሰማ በሩን ከፍታ ትጠብቀዋለች።

ጃንዋሪ ላይ የማለዳውን የኤርፖርት ደንበኛ መውሰድ የነበረበት ሽኩር ነበር። ይህን ካርታ ሲለካ አምሽቶ ዓይኑ አልገለጥ አለው። «ተኛ፣ እኔ እሄዳለሁ» አለው ፈሪድ፣ ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ እየሳበለት። በኤርፖርቱ መንገድ ጉም ወርዶ ነበር። መንገዱ ላይ የቆመውን ትራክ አላየውም።

ቀብሩ ላይ «አውፍ በሉት፣ ይቅር በሉት» ሲባል ሰው ሁሉ በአንድ አፍ «አውፍ ብለናል» አለ። ሽኩር ብቻ አፉ አልተከፈተም። ይቅር ማለት ያለበት ሟቹ ነው፤ ሟች ደግሞ አይጠየቅም። የቀረው ነገር አብረው የያዙት የጉዞ ቀጠሮ ነበርና እሱን ጨብጦ ቀረ። እሑድ እሑድ ጥርት ባለ ሰማይ ሥር ሐይቁ ላይ ወጥቶ ጡሩምባ ይነፋል። ከዚያ ያዳምጣል።

በሩ ተንኳኳ። መኮንን ነው።

«እማማ ሲቲ፣ እንዴት ዋሉ?» ብሎ ወደ ሽኩር ዞረ። «ወረቀቴ መኪናዬ ውስጥ ነው። ስሜን ለአከራይዋ ስጣት።»

«አንተን ሐይቁ ላይ እንኳ ያስመልስህ ነበር።»

«ቢያስመልሰኝም ጀልባ አልገለበጥኩም። ሥራስ ተከፋፍለን የለ? ፈሪድ ሸራ፣ አንተ ካርታ፣ እኔ ሳንድዊች።»

ሽኩር ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም። «ቦታው ተይዟል» አለ።

መኮንን ሲቲን አየት አደረገና «ታች እጠብቃለሁ» ብሎ ወጣ።

ሲቲ ሻይ ይዛ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ጣቷን በእርሳሱ ጽሑፍ ላይ አስኬደች።

«ጉም ውስጥ ነፍተህ መልስ ካጣህ ምን ታደርጋለህ?»

«ቀስ ብዬ እሄዳለሁ፣ እማዬ። ደግሞ እነፋለሁ።»

«ቆመህ አትጠብቅም?»

«ብቆምም ውሃው ይወስደኛል።»

«እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ» አለች። «ፈሪድ ከሥራ በሚመለስበት ሰዓት ክላክሱን እሰማለሁ። በሩን እከፍታለሁ። ጎረቤት ሰላም ይለኛል፤ ሰላም ብዬ እዘጋለሁ።»

ሽኩር ሁልጊዜ በሩ ሲከፈት ይሰማል። አየር ልታስገባ ይመስለው ነበር።

«ያን ጠዋት ተራው የኔ ነበር» አላት። ሰባት ወር ሙሉ ያልወጣው ቃል ነው።

«አውቃለሁ። ‹ሽኩርን እንዳትቀሰቅሺው፣ ደክሞታል› ብሎኝ ነው የወጣው። የተቀየመ ሰው እንዲህ አይልም።» እጁን ያዘችው። «ቀብር ላይ ዝም ማለትህን መኮንን ነግሮኛል። እናቱ ነኝ፤ በሱ ፈንታ እኔ አውፍ ብዬሃለሁ። አሁን ደውል። ሙት ቀጠሮ የለበትም።»

ደወለ። የመኮንንን ስም ለአከራይዋ ፊደል በፊደል ነገራት። ሴትዮዋ ጻፈችና «ፈሪድ የሚለውን ላጥፋው?» አለች።

ሽኩር እናቱን አየ። ሲቲ ካርታውን ነው የምታየው።

«አጥፊው» አለ።

የኮምፒውተር ቁልፍ ሲነካ ተሰማ። ምስጋና፣ መልካም ጉዞ፣ ከዚያ ጸጥታ። ጸጥታው ሲረዝም ሁለቱም እያዳመጡ እንደሆነ ገባቸው።

ከታች ከመኪና ማቆሚያው ክላክስ ተነፋ። አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር።

ሲቲ ተነስታ በሩን ከፈተች። መኮንን ወረቀቱን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ እጁን ሊያንኳኳ አንስቶ።

«አንተ ነህ የነፋኸው?» አለው ሽኩር።

«ምኑን? መኪናውን ቆልፌ ደረጃ ስወጣ ነው የቆየሁት» አለ መኮንን፣ ትንፋሹ ቆረጥ ቆረጥ እያለ። «ምነው?»

ሽኩር ወረቀቱን ተቀብሎ በካርታው ላይ አስቀመጠው። ሲቲ ከመኮንን ኋላ በሩን ዘጋችው። ቁልፉን ግን አላዞረችውም።