የጋሼ ኸይረዲን ፍላት ስክሪን

አባቴን ኑሪን ጨዋ ሰው ነው ይሉታል። አማኑኤል አካባቢ ሠርግም ሆነ ለቅሶ ሲኖር መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። የተጣላ ያስታርቃል፣ ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም፣ ሰው ማስቀየም አይወድም። እኔ ግን ልጁ ሱንዱስ፣ ጨዋነቱ ሲወራ ደሜ ይፈላል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁና ፍረዱኝ፤ ባትፈርዱልኝም ግድ የለኝም።

ጎጃም በረንዳ ጫፍ ላይ የነበረችው ሱቁ ለመልሶ ማልማት ስትፈርስ አባቴ ቤት ዋለ። ቤት የዋለ ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጠዋት ለባብሶ ይወጣል፣ የፈረሰውን ቦታ ዞሮ አይቶ ይመለሳል፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ የእናቴን ድስት እየከፈተ ያያል። እናቴ ሐጀራ ትንሽ ታገሠችና በመጨረሻ ነገሩን አወጣችው። ወይ ቤታችን ውስጥ ገቢ የሚያመጣ ነገር ይከፈታል፣ ወይ እኔ እንደ ጎረቤት ልጆች ለቤት ሠራተኝነት ጅዳ እሄዳለሁ። ፓስፖርቴ ወጥቷል። ልጆቹን ወደዚያ የምትልከው ደላላም በራችን ላይ መመላለስ ጀምራለች።

መላውን የዘየድነው እኔና ታናሽ ወንድሜ ፉርቃን ነን። መንገድ ዳር ያለችውን ሳሎናችንን ጌም ቤት እናድርጋት አልን። ቀን የሰፈር ልጆች እየከፈሉ የኳስ ጌም ይጫወታሉ፣ ማታ ፊልም እናሳያለን። ፕሌይስቴሽኑን ፉርቃን ከጓደኛው አግኝቷል፤ የቀረን ቴሌቪዥን ብቻ ነበር። አባቴ ከሱቁ ካሳ የተረፈችውን ለዚሁ ፈቀደ። "ደህና ፍላት ስክሪን ምረጡ፣ እኔ መጥቼ እገዛዋለሁ" አለን። ሌላ ዕድል እንደሌለን ሁላችንም እናውቃለን። ቴሌቪዥኑ ከሠራ እቀራለሁ፣ ካልሠራ እሄዳለሁ።

እኛም የዋዛ አይደለንም። ፕሌይስቴሽኑን በፌስታል አንጠልጥለን መርካቶን ሱቅ ለሱቅ ዞርናት። "ሰክተን እንሞክር" ስንል አብዛኛው ሻጭ ያባርረናል። "ምስሉ እንዲህ እያማረ ምን ትሞክሪያለሽ?" ይለኛል። የምስል ማማር ለእኔ ምን ይረባኛል። ጌም የሚጫወት ሰው የሚፈልገው ሌላ ነው፤ ጣቱ ቁልፉን ሲነካ ስክሪኑ ላይ ያለው ተጫዋች ያኔውኑ መምታት አለበት። አንዳንዱ ፍላት ምስሉን ሲያሳምር ጊዜ ይፈጅበታል፣ አንተ ከመታህ ቆየት ብሎ ነው ኳሷ የምትሄደው። ፊልም የሚያይ ሰው ይህንን ዕድሜ ልኩን ላያውቀው ይችላል። ተጫዋች ግን ወዲያው ያውቀዋል፣ አውቆም ተነስቶ ይሄዳል።

በስተመጨረሻ ዘመድኩን የሚባል ነጭናጫ ሻጭ "ቶሎ በሉ፣ ደንበኛ እንዳታሸሹብኝ" እያለ ፈቀደልን። መጀመሪያ ትልቁን ሰካነው፣ ዘገየብን። ቀጥለን ጥግ ላይ የተቀመጠችውን ሰላሳ ሁለት ኢንች ሞከርን። ፉርቃን ጆይስቲኩን ያዘና አንድ ቅጣት ምት መታ፤ ዞሮ አየኝና ሳቀ። ተቀብዬው እኔም መታሁ። ጣቴና ኳሷ እኩል ሄዱ። ዘመድኩን ራሱ "እስቲ አምጡት" ብሎ ገባና በፉርቃን ተሸንፎ ተናደደ። "አባታችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ለሌላ ሰው አልሰጣትም" አለን። ወደ ቤት ስንመለስ መሬት አልረገጥኩም። ደላላዋን መንገድ ላይ አግኝቼ ሰላም እንኳ አላልኳትም።

በማግሥቱ አባቴ ኮቱን ለብሶ ወጣ፣ እኛም ተከተልነው። ዘመድኩን ሱቅ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ጋሼ ኸይረዲን ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ጋሼ ኸይረዲን የአባቴ የአገር ልጅ ናቸው። ከአንድ መንደር ወጥተው፣ መርካቶ ውስጥ አብረው ሱቅ በደረቴ አዙረው ነው ያደጉት። አሁን እሳቸው የኤሌክትሮኒክስ አስመጪ ሆነዋል።

"ኑሪ፣ ልጆቹን ይዘህ ወዴት ነው?" አሉት።

"እዚሁ ነን። አንዲት ቴሌቪዥን ቢጤ ልናይ ብለን..."

ጋሼ ኸይረዲን ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "እኔ ሳልሞት?" አሉ።

ነገሩ እዚያው ላይ አለቀ። አባቴ የአገሩን ልጅ ሱቅ አልፎ ባዳ ዘንድ ሊገዛ? ምድር ብትሰነጠቅ አያደርገውም። ገባን፣ ወንበር ተሳበልን፣ ሻይ መጣ። ጋሼ ኸይረዲን ራሳቸው ተነስተው አንድ አርባ ሁለት ኢንች ከፈቱ። ባሕር ውስጥ ዓሣ ይዋኛል፤ ቅርፊቱ አንድ በአንድ ይታያል። አባቴ ብርጭቆውን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ። "ይሄማ ሲኒማ ነው" አለ። በዋጋም እንደ ባዳ አላዩንም፣ ይህንን አልክድም። ሰውየው ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑማ ምንኛ በቀለለኝ።

ፌስታሉ ጉልበቴ ላይ ነበር። "ጋሼ፣ ጌሙን ሰክተን ብንሞክረው" አልኩ።

ጋሼ ኸይረዲን ለእኔ አልመለሱም፣ አባቴን አዩት። አባቴም እኔን አየኝ። ሰው ቤት እንግድነት ሄዶ "ጨምሩልኝ" ያለ ልጅ ያንን አስተያየት ያውቀዋል። "የወንድሜን ዕቃ ነው የምትፈትሺው?" አለኝ።

"አባዬ፣ ትናንት ያየናት ትንሿ..."

"ሻይሽን ጠጪ።"

ጠጣሁ። በካርቶኑ ላይ ዱዓ ተደረገ፣ ተሸካሚ ተጠራ፣ ቴሌቪዥኑ ሳይሞከር ወጣ። በዘመድኩን ሱቅ በኩል ስናልፍ ሰውየው ቆሞ አየን፤ እኔ አንገቴን ደፋሁ።

የመጀመሪያውን ማታ ፊልም ስናሳይ ሰፈሩ ጉድ አለ። ሽማግሌው ሁሉ እየመጣ "ማሻአላህ" ይላል፣ አባቴ ደግሞ ሪሞቱን ይዞ መሐል ወንበር ላይ ተኮፍሷል። ግን ፊልም በየቤቱ በሲዲ አለ፣ ለአንድ ሰሞን ነው እንጂ ማንም በገንዘቡ ሰው ቤት እየመጣ አያይም። የእኛ እንጀራ ጌሙ ነበር። ጌሙ ላይ ደግሞ ገና ከመጀመሪያዎቹ ልጆች አንዱ ጆይስቲኩን አገላብጦ አየና "ይሄ ነገር ይተኛል እንዴ?" አለ። ሌላው "መታሁት እኮ፣ አልሄደም" ብሎ ተነሳ። ፉርቃን የቴሌቪዥኑን ሴቲንግ ያልነካካው ቦታ የለም፤ ጠብ የሚል ነገር ግን አልተገኘም። ብዙም ሳይቆይ "የተኛው ቤት" የሚል ስም ወጣልን። ማዶ ያለው ጌም ቤት ጀርባው የተቆለለ፣ ግን የማይዘገይ አሮጌ ቴሌቪዥን ይዞ ጢም ብሎ ሲሞላ፣ የእኛ አግዳሚ ባዶውን ይውላል። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በበራችን እያለፈ ወደ ማዶ ሲሻገር ማየት እንዴት አንጀት እንደሚያሳርር ያላየ አያውቀውም።

"አባዬ፣ ጋሼ ኸይረዲን እንዲቀይሩልን ንገራቸው" አልኩት።

"ምን ብዬ?"

"ለጌም አልሆነንም ብለህ።"

"ዕቃህ እንከን አለው ልበለው? ዱዓ አድርጎ የሰጠኝን ሰው?"

"እኔስ? ጅዳ ልሂድልህ?"

ሪሞቱን አነሳና ድምፁን ጨመረ።

ሳልነግረው እኔው ጋሼ ኸይረዲን ዘንድ ሄድኩ። እየፈራሁ፣ እየተንተባተብኩ፣ የጣቱንም የኳሱንም ነገር፣ የጅዳውንም ነገር ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ። "ታዲያ ያን ዕለት ኑሪ ለምን አልነገረኝም? እኔ እኮ ዕቃዬን የናቃችሁ መስሎኝ ነው" አሉ። ከዚያም "አይዞሽ ልጄ፣ ሂጂ፤ አባትሽን ሳላሳፍር የሚሆናችሁን አመጣለሁ" አሉኝ። ያንን ሌሊት እንዴት እንደተኛሁ ብታዩኝ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እውነትም መጡ። ከኋላቸው ተሸካሚው ሰላሳ ሁለት ኢንች ካርቶን ተሸክሟል። እኔና ፉርቃን ተያየን። እናቴ ከጓዳ ወጥታ በመጋረጃው በኩል ቆመች።

"ኑሪ፣ ይቺ ሱቅ ውስጥ ቦታ ይዛብኝ ነው" አሉ ጋሼ ኸይረዲን። "ይቺን እዚህ ላኑርና ያንን ልውሰድ። ለልጆቹ ሥራም ይቺ ትሻላለች ይላሉ።"

ሰውየው ነገሩን እንዴት አሳምረው እንዳመጡት አያችሁ? አባቴ "እሺ" ማለት ብቻ ነበረበት።

"አይሆንም" አለ አባቴ። "ያንተን ዕቃ ልመልስ? ምን ጎደለው?"

"መመለስ አይደለም፣ መለዋወጥ ነው እንጂ። በአላህ ይሁን በለኝ።"

"ኧረ በፍጹም። በዓርብ ቀን እዚህ ድረስ ያደከምኩህ ይበቃል።"

ይህንን ቋንቋ አውቀዋለሁ። እኛ ዘንድ እንግዳ ብላ ሲባል ጠግቤያለሁ ይላል። ደግመው ይለምኑታል፣ አሁንም እምቢ ይላል፤ በሦስተኛው እጁን ይታጠባል። አባቴም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። ዓይኑ ከካርቶኑ ላይ አልተነሳም፣ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። ግን እምቢታው እንዲያምርለት ብሎ አንድ ነገር ጨመረበት። "ወላሂ አትለውጠውም" ብሎ ማለ።

ጋሼ ኸይረዲን ዲን ጠባቂ ሰው ናቸው። መሐላውን ሲሰሙ እጃቸውን ሰበሰቡ። "እንግዲህ ከማልክ መሐላህን አላስፈርስህም" አሉ። ተሸካሚውን በዓይናቸው ጠቀሱት፤ ካርቶኑም ገና ከጀርባው ሳይወርድ ተመልሶ ሄደ።

አባቴ ደጃፍ ላይ ቆሞ እስኪታጠፉ ድረስ አያቸው። ከዚያ ለራሱ የሚያወራ ይመስል "አንዴ ቢደግምልኝ ምን ነበረበት" አለ።

"ሩጥና ጥራቸው" አልኩት።

"ከማልኩ በኋላ?"

እናቴ መጋረጃውን ገለጠችው። "መሐላ በጾም ይካሳል፣ ኑሪ። እኔም አብሬህ እጾማለሁ፤ ሂድ ጥራው" አለችው።

"ሰውየው ምን ይለኛል? ሲለምነኝ እምቢ ብዬ፣ ሲሄድ ተከትዬ ልሮጥ?"

"እኔ እሮጣለሁ" ብዬ ነጠላ ጫማዬን ፈለግኩ።

"አባትሽን ቃለ አባይ ልታደርጊው?" አለኝ። አልጮኸም። ጮኾ ቢሆን ኖሮ በላዩ ላይ ዘልዬ እሄድ ነበር። እንደሚለምን ሰው አየኝ፣ ነጠላ ጫማዬን መልሼ አስቀመጥኩት። ምነው ያን ጊዜ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ በሮጥኩ እላለሁ፤ ግን እኔም የሱው ልጅ ነኝ።

ደላላዋ ቪዛው ወጣ ብላ መጣች። እናቴ ልብሶቼን አጥባ ተኮሰች። ፉርቃን ፕሌይስቴሽኑን ለጓደኛው መለሰ። ቴሌቪዥኑ ሳሎኑን ሞልቶ ቀረ፤ ማታ ማታ አባቴና ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ፊልም ያዩበታል። ጋሼ ኸይረዲንም አንዳንዴ ይመጣሉ። እሳቸው ሲመጡ አባቴ ጥራቱን ያደንቅላቸዋል።

የሄድኩ ዕለት ጠዋት እናቴ ከውስጥ እያለቀሰች መውጣት አቃታት። አባቴ ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። ፊቱ ያበጠ ይመስላል፣ እንቅልፍ አልወሰደውም መሰለኝ።

"ሱንዱስ" አለኝ፣ "ባትሄጂስ?"

ድምፁ ተቆራረጠ። እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

"አይ አባዬ፣ ልሂድ እንጂ" አልኩት።

ሻንጣዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ሂጃቤ ምንም አልሆነም ነበር፤ ፒኑን ነቅዬ እንደገና ሰካሁት። የጫማዬንም ማሰሪያ ፈትቼ አሰርኩ። አባቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ መንገዱን እያየ ቆመ። ከንፈሩ የተንቀሳቀሰ መስሎኝ ቀና አልኩ።

"አላህ ይከተልሽ" አለኝ።

ፉርቃን ሻንጣዬን አንስቶ ወጣ።