የማርሚታው መከለያ

ሱፍ ለብሶ ጋራዥ የሚሄድ ሰው አይቼ አላውቅም። አባቴ ግን ለአሮጌው ሞተር ሳይክሉ ማርሚታ ልፈልግ ብሎ ከወልቂጤ ቡታጅራ በሄደ ቁጥር የእሁድ ሱፉን ይለብሳል፣ ጫማውን ያስጠርጋል፣ ከዘራውን ይዞ ሚኒባስ ይጠብቃል። ለጭስ ማውጫ እንዲህ ይዘነጣል? እኔ ጅል አይደለሁም።

እማዬ ካረፈች ወዲህ ቤቱ የእሱና የእኔ ብቻ ነው። ወንበሯ በቦታው ነው፣ ሻርፗም በር ጀርባ እንደተሰቀለ አለ። እዚያ ወንበር ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣ ማየት አልፈልግም። ይህን ለአባዬ በአፌ አልነገርኩትም፤ በዓይኔ ግን ስከታተለው ነው የከረምኩት።

ሞተር ሳይክሉ አባዬ እማዬን ቡኢ፣ እናቷ ዘንድ ሲያመላልስበት የኖረ ነው። በቀሚስ ስለምትሄድ እንደ ወንድ አንፈራጥጣ አትቀመጥም፤ ወደ ጎን ዞራ ሁለት እግሯን በአንድ በኩል፣ ማርሚታው ባለበት በኩል ታሳርፍ ነበር። የእግር ማረፊያውንም አባዬ በዚያ በኩል አስበይዶላት ነበር። ኋላ ሞተሩ ጓሮ ተጣለና ዝገት በላው። አባዬም ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ እግሩን አንስቶ ወንበሩን መሻገር አይችልም፤ ዓይኑም ደክሟል። ታዲያ ማን ሊነዳው ነው የሚያሳድሰው? ስጠይቀው፣ “ዝም ብሎ ከሚዝግ” ብሎ አለፈኝ።

በዚያ ላይ ሰሞኑን ማታ ማታ ቅባት ይሸታል። በዕድሜው ሙሉ ቫዝሊን እንኳ ተለምኖ የሚቀባ ሰው!

አንድ ቀን ስልኩን ቤት ረስቶ ወደ ጸሎት ሄደ። ሲጠራ አነሳሁት።

“የጋሽ ሀብቴ ስልክ ነው?” አለች አንዲት ሴት፣ የጎጃም ቅላጼ ባለው ለስላሳ ድምፅ። “ወርቅውሃ ነኝ፣ ከቡታጅራ። የሞተሩ ወንበር አልቋል በይልኝ። እንዳሉኝ ወደ ጎን ለሚቀመጥ ሰው እንዲመች አድርጌ ነው የሰፋሁት።”

“እነግረዋለሁ” ብዬ ዘጋሁት። አልነገርኩትም። ወደ ጎን ለሚቀመጥ ሰው! ደሜ ፈላ። ወንበሩን ሰፍታ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በእማዬ ቦታ ላይ ልትቀመጥ!

ቅዳሜ ጠዋት ሸምሶ ከቡታጅራ መጣ። ሸምሶ የአባዬ የድሮ ወዳጅ፣ በያጅ ነው፤ ባለፈው ቅዳሜም እኔ ገበያ ሳለሁ መጥቶ ሲሞክሩ ውለው ነበር። አሁን አዲሱን ወንበርና በማዳበሪያ የተጠቀለለ ነገር ይዞ “አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሼ!” እያለ ገባ። ልብስ የማሰጣ መስዬ አጠገባቸው ቆምኩ።

የማርሚታውን ቱቦ ከማዳበሪያው አውጥተው ከሞተሩ አፍ ላይ ከመዳብ ቀለበቱ ጋር አስገቡት። ሸምሶ ዳዶዎቹን በጣቱ ብቻ አስያዛቸው።

“አጥብቀው እንጂ” አለ አባዬ።

“ቆይ ጋሼ፤ የኋላው ማሰሪያ ሳይገጥም ፊቱን ካጠበቅነው ይሰነጠቃል።”

የኋላው ቀዳዳ ትንሽ ሸሸ። ሸምሶ ቱቦውን ወዘወዘ፣ ገፋ፣ ብሎኑ ገባ፤ ከዚያ ከፊት ጀምሮ አጠበቀ። እሱን ሲጨርስ ከማዳበሪያው ውስጥ ጎበጥ ያለ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቆርቆሮ አውጥቶ በማርሚታው ላይ ማሰር ጀመረ። ያ ቆርቆሮ ሞተሩ ላይ ኖሮ አያውቅም።

“ይሄ ምንድነው?” አልኩ።

“መከለያ። የኋለኛውን ሰው እግር እንዳያቃጥል…” አለና አባዬን አይቶ አፉን ዘጋ።

ልብሱን መሬት ላይ ጣልኩት። “ለወርቅውሃ ነው አይደል? እማዬ ያን ሁሉ ዓመት ያለ መከለያ ተቀምጣ፣ ለእሷ መከለያ ይሠራላታል!”

ሸምሶ መፍቻው ከእጁ ወደቀበት። “ወላሂ፣ ሕይወት፣ ወርቅውሃ ወንበር ሰፊ ናት! የአምስት ልጆች እናት፣ ባሏ የእኔ ጎረቤት ነው!”

“ሱፉስ? ለወንበር ሰፊ ነው ሱፍ የሚለበሰው?”

አባዬ አልሳቀም፣ አልተቆጣም። በርጩማው ላይ ተቀመጠና የሱሪውን እግር ወደ ላይ ሰበሰበ። ባቱ ላይ፣ ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ፣ ቅባት የተቀባ ሞላላ ቃጠሎ ነበር።

ያን ቦታ አውቀዋለሁ። እማዬም እዚያው ላይ ጠባሳ ነበራት። “ልጅ ሆኜ ስጠይቃት ፍም ወድቆብኝ ነው ትለኝ ነበር” አልኩ።

“ለእኔም ፍም ነው ያለችኝ” አለ አባዬ። “ባለፈው ቅዳሜ ማርሚታውን ገጥመን አስነሳነው። እግሬን ማሻገር ስለማልችል እንደ እሷ ወደ ጎን ተቀመጥኩ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ሸምሶም መከለያ ሊሠራለት ማርሚታውን መልሶ ፈትቶ ወሰደው። ብትነግረኝ ሁለተኛ እንደማላሳፍራት ታውቃለች። ዝም ብላ ተቃጠለች፣ ልጄ። እኔ ፊት ለፊቴን እያየሁ እነዳለሁ።”

የጣልኩትን ልብስ ከመሬት አነሳሁ።

“ሱፉን ጠየቅሽኝ። ከቡታጅራ ቡኢ፣ መቃብሯ ጋ እሄዳለሁ። በዘይት ልብስ ልሂድ? ሚኒባሱ ግን ዳሌዬን ገደለኝ። አንቺ የመሥሪያ ቤትሽን፣ የግብርና ቢሮን ሞተር ስትነጂ አይቼ፣ ብትወስጂኝ ብዬ አሰብኩ። ሽማግሌ እንደ ሴት ወደ ጎን ተቀምጦ ሲሄድ ሰው ይስቃል። አንቺም የምትስቂብኝ መስሎኝ ደበቅኩሽ።”

አለቀስኩ። ሸምሶ መፍቻ የሚፈልግ መስሎ ጀርባውን ሰጠን።

ከዚያ ወንበሩን ገጠምን። ሞተሩን ረግጬ አስነሳሁት፤ የድሮው ድምፁ ነው። አባዬን ሸምሶ ደግፎ አወጣው፤ ሁለት እግሩን በአንድ በኩል አሳርፎ ወገቤን ያዘ። ዛሬ እስከ ጉብሬ፣ ከለመደው ደግሞ ቡኢ ተባባልን። ከግቢ ስንወጣ አንድ ባጃጅ ነጂ “ሙሽራዬ!” ብሎ ጮኸ፤ አባዬ በከዘራው ሰላም አለው።

“ካቃጠለህ ንገረኝ፣ እሺ?” አልኩት።

“እነግርሻለሁ” አለኝ።

አላመንኩትም። እስከ ጉብሬ ድረስ በመስታወቱ እግሩን እያየሁ ሄድኩ።