ከሳሹ ዋስ የሆነለት ሐናፂ

«ልጄ፥ ፊደሉን ብታቋርጪ ማየቱን አታቋርጪ፤ ዓለም የተከፈተች ብራና ናትና ቀስ ብለሽ አንብቢያት» ነበር ያሏት፥ የወንጌሉን ንባብ ገና ሳትፈጽም ለትዳር ተጠርታ ከጉባኤው በተነሣችበት ዕለት፥ ዓይነ ስውሩ የኔታ። አንባቢ ሆይ፥ ሰው በዚህ ኃላፊና ጠፊ ዓለም ሳለ ከሚቀርብለት ምርጫ ሁሉ እጅግ የሚከብደው፥ ባልን መምረጥ ወይም ዳኛን መምረጥ እንዳይመስልህ፤ ከራሱ በላይ የሚዘረጋውን የጣራ ጠፈርና ከልጆቹ ራስጌ የሚቆመውን ግድግዳ አምኖ የሚሰጠውን ሐናፂ መምረጥ ነው እንጂ። ባል ቢከፋ ሽማግሌ ይገሥጸዋል፥ ዳኛም ቢያዳላ ይግባኝ ይባልበታል፤ ግንብ ግን በተናደ ዕለት ይግባኝ አይሰማም። ስለዚህም መልካም ሐናፂ ያገኘ ሰው አስቀድሞ ፈጣሪውን፥ ቀጥሎም ወደዚያ ሐናፂ መንገዱን ያሳየውን ሰው ሊያመሰግን ይገባዋል፤ ይህም ታሪክ ስለዚሁ ምስጋና የተነገረ ነው።

የኔታ እንዲህ ብለው የመከሯት፥ በዱሮው ዘመን በደብረ ታቦር ከተማ የነበረችው ይህች ሴት ወይዘሮ እናንዬ ትባል ነበር፤ በዕድሜዋ ልጅ፥ በኀዘኗ አሮጊት፥ በንግግሯ ቁጥብ፥ በማስተዋሏ ባለጸጋ ነበረች። ባሏ ለንግድ ወደ ቆላ ወርዶ በንዳድ በሞተ ጊዜ የቀሩላት ሁለት ሕፃናት፥ አንዲት ሰጋር በቅሎና የባሏ አባት ያቆሙት የድንጋይ ቤት ነበሩ። የቤቱም የምሥራቅ ግድግዳ በዘመን ብዛትና በዝናም ጽናት ሆዱ ተነፍቶ፥ ማሠሪያው ላልቶ፥ እንደ ሰካራም ወደ ውስጥ አዘንብሎ ስለ ነበር፥ ሕፃናቷን ከዚያ ሥር አንሥታ ነፋስ ከሚያፏጭበት ከደጃፉ አጠገብ ታስተኛቸው ነበር። የባሏ ታላቅ ወንድም ባላምባራስ ቸኮል ይህን አይተው፥ «እናንዬ፥ ክረምቱ ሳይገባ ይህ ግንብ ካልታደሰ አስፈርሰዋለሁ፤ አንቺም ልጆቼን ይዘሽ ከእኔ ግቢ ትገቢያለሽ። የወንድሜን ዘር ድንጋይ ሲበላው ቆሜ አላይም» አሉ። ነገሩ ከፍቅር እንጂ ከክፋት የመጣ አልነበረም፤ ሆኖም በሰው ግቢ የተጠጋ ሰው ሲጠግብም ሲራብም እኩል እያመሰገነ እንዲኖር ግድ መሆኑን እናንዬ ታውቅ ነበርና፥ ልጆቿ በአባታቸው ደጅ ባለቤት ሆነው እንዲያድጉ እንጂ በአጎታቸው ደጅ ጥገኛ እንዲሆኑ አልወደደችም። ስለዚህ በቅሎዪቱን ሸጠች። አንዲት በቅሎ ደግሞ ሁለት ጊዜ አትሸጥምና፥ በሐናፂው ምርጫ ብትሳሳት የምትመለስበት መንገድ አልነበራትም።

ያን ጊዜ በከተማዪቱ፥ ግንበኛውንም አናጢውንም ሣር ከዳኙንም ራሳቸው እያዘዙ የቤትን ሥራ ሁሉ በአንድ ቃል የሚዋዋሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ወንድይራድ፥ ቃሉ እንደ ማር የሚፈስ፥ ኩታው እንደ ጉም የሚነጣ ነበር፤ ሁለተኛው ተገኘ፥ ሲናገር አገጩን የሚያክ፥ ለጠየቁትም ሁሉ «እስቲ ልየው» ከማለት በቀር ሌላ መልስ የሌለው ነበር። እናንዬም ገንዘቡን ያፈሰሰበትን ቤት የሚያማ ባለቤት እንደሌለ ዐውቃ፥ ባለቤቶቹን መጠየቁን ተወችው፤ ታናሹን ልጇን አዝላ፥ እርሾ ፈላጊ መስላ፥ ሁለቱ ወደ ሠሯቸው ቤቶች በጓሮ በኩል እየገባች በዓይኗ ጠየቀች። የወንድይራድ ቤቶች ፊታቸው ያማረ፥ መቃናቸው የተጠረበ፥ መስኮታቸው የተዋበ ነበር፤ ከኋላ ግን እርጥበቱ እስከ ጉልበት ወጥቶባቸው፥ በግድግዳቸው ሥር የተቀመጠው የእህል ጎታ ሻግቶ አገኘችው። የተገኘ ቤቶች ፊታቸውም ኋላቸውም አንድ ዓይነት፥ ጌጣቸው ጥቂት፥ ድርቀታቸው ብዙ ነበር። ልቧም ወደ ተገኘ ባዘነበለ ጊዜ አንዲት ጎረቤት እርሾውን እየቀዳችላት፥ «ተገኘን ነው የምትይኝ? እቴ! የመሪጌታ አድማሱን ግድግዳ አሰንጥቆ ዳኛ ፊት የተገተረውን? መሪጌታ እኮ ስሙ ሲነሣ ያማትባሉ» አለቻት። እናንዬም እርሾዋን ይዛ፥ ተስፋዋን ጥላ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

የውሉ ቀን ደርሶ ሽማግሎችና ካህናት በደጀ ሰላሙ ተቀመጡ፤ ሁለቱ ሐናፂዎችም ሥራውን ሊፎካከሩ ቀረቡ። የአገሩም ሥርዓት፥ ሥራ የሚዋዋል ሰው ሥራውን ቢያበላሽ በእርሱ ፈንታ የሚጠየቅ ዋስ ሳይጠራ ውል እንዳይታሰርለት ነበር። ወንድይራድ «ዋስ ጥራ» በተባለ ጊዜ አንድ ጋሻ ያነገተ አሽከር ተነሥቶ፥ «ጌታዬ ፊታውራሪ ለወንድይራድ ዋሱ ነኝ ብለዋል» አለና እጅ ነሥቶ ተቀመጠ፤ ጉባኤውም በአድናቆት አጉረመረመ፥ ባላምባራስ ቸኮልም ወደ እናንዬ ዞረው፥ «ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጊያለሽ? ይኸውልሽ የብረት ዋስ!» አሉ። ተገኘ «ዋስ ጥራ» በተባለ ጊዜ ግን፥ እመጣልሃለሁ ያለው አጎቱ ከፊታውራሪ ጋር መፎካከሩን ፈርቶ ቀርቶበት ነበርና፥ መሬት መሬቱን እያየ አገጩን አከከ። ወንድይራድ ኩታውን እያስተካከለ፥ «ዋስህ ግንብ ተንዶበት ይሆን ወዳጄ? ሂድና አውጣው እንጂ!» ሲል ሳቁ ደጀ ሰላሙን ሞላው። ያን ጊዜ ከካህናቱ መካከል አንድ ቀይ፥ ቀጭን ሽማግሌ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ መሪጌታ አድማሱ ነበሩ። ሰውም ሁሉ አሁን ሊረግሙት ነው ብሎ አንገቱን አሰገገ። «እኔ ይህን ሰው አልወደውም» ብለው ጀመሩ መሪጌታ። «የሠራልኝ ግድግዳ ተሰነጠቀ። ሰደብሁት፥ ከሰስሁት፤ በቅዳሴ መካከል እንኳ ቆሜ ያልተመኘሁለት መከራ የለም፥ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ዳኛው ገና ሳይፈርድ ግን ይህ ሰው፥ ‹መሪጌታ እውነታቸውን ነው፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ› ብሎ ወጥቶ ሄደ። ከቤቴ ብደርስ ግድግዳዬን እስከ መሠረቱ አፍርሶ በላብ ተጠምቆ አገኘሁት። ቤቴን አፈረሰብኝ ብዬ እንደ ገና ልከሰው ነበር!» ሽማግሎቹ ሳቁ፤ እርሳቸው ግን አልሳቁም። «መልሶ ካነጸው ወዲህ የጣለው ዝናም ሁሉ ከውጭ ቀርቷል። እናንተ ሰውን ሲያሳምር አይታችሁ ታመሰግናላችሁ፤ እኔ ይህን ሰው ሲያጠፋ አይቼዋለሁ። ዋሱ እኔ ነኝ።»

በዚህ ጊዜ እናንዬ፥ ያስጨነቃት ሐሜት ራሱ ምስክር ሆኖ ሲቆምላት አየች። ባላምባራስ ቸኮል ግን፥ «የፊታውራሪን ዋስ ትተሽ የደብተራ ዋስ ልትይዢ?» ብለው ተቆጡ። በሸንጎ መካከል ድምጿ ተሰምቶ የማያውቅ ያች ሴት ነጠላዋን እስከ አፏ ስባ፥ «አያ ቸኮል፥ በክፉ አይዩብኝ። ግድግዳው ተሰንጥቆ ፊታውራሪ ይጠየቁልኝ ብል፥ ማን ሄዶ ይጠራቸዋል? እርስዎ ይጠሩልኛል?» አለች። ባላምባራስ ጋሻ ያነገተውን አሽከር አዩና ካባቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። «መሪጌታ ግን ቢጠፉብኝ ከማሕሌቱ አላጣቸውም» ስትል፥ «ድምፄን ተከትለሽ ነይ፤ ሳል እንኳ ቢይዘኝ ከሩቅ ይሰማል!» አሉ መሪጌታ። ሽማግሎቹም፥ ታላቅ ዋስ ማለት ስሙ የገነነ ሳይሆን ሲጠሩት አቤት የሚል መሆኑን ያች ዝምተኛ ሴት ስላስተማረቻቸው እርስ በርሳቸው ተያይተው፥ ውሉን ከተገኘ ጋር አሰሩ።

ተገኘም ጠፈሩን በጠንካራ ምሰሶ ደግፎ፥ የተነፋውን ግድግዳ ድንጋዩን ከድንጋዩ ለይቶ አወረደ፤ ለአሮጌው ድንጋይ ክብር ሰጥቶ፥ ደኅናውን መልሶ ለግንቡ፥ የተሰባበረውን ለመሠረቱ መሙያ አደረገው። ዐዲሱ ግድግዳ እስከ ሰው ትከሻ በደረሰና የግንቦት ደመና በጉና ተራራ ላይ መክበድ በጀመረ ጊዜ፥ አንድ ማለዳ አገጩን እያከከ ወደ እናንዬ መጣ። «እሜቴ» አላት፥ «የትናንቱ ጥግ አላማረኝም። ደመናውን ፈርቼ ጭቃው በወጉ ሳይቦካ አስቸኩዬዋለሁ። ላፍርሰው።» እርስዋ ወደ ጥጉ ብትመለከት አንዳች ነውር አላየችበትም፤ ወደ ሰማዩ ብትመለከት ግን የሚያስፈራውን ሁሉ አየች። ግድግዳው ተከፍቶ ዝናሙ ቢቀድም ጠፈሩም ምሰሶውም እንደሚወርድ፥ የበቅሎዪቱም ዋጋ የልጆቿም ደጅ አብሮ እንደሚጠፋ ዐወቀች። በመጨረሻው ግን፥ «አፍርሰው» አለችው። ወዲያውም ባላምባራስ ቸኮል ደርሰው፥ «ምነው፥ ይህ ሰው በመጣሁ ቁጥር የማገኘው ሲያፈርስ ነውሳ! ሰኔ ከደጅ ቆማ እያንኳኳች!» ብለው ጮኹ፤ መሪጌታ አድማሱም ወሬውን ሰምተው እየሮጡ መጡና፥ «አላልኋችሁም? ይኸው አመሉ ተነሣበት!» ብለው እንደ ሠርገኛ ደስ አላቸው። ቀጥለውም መቋሚያቸውን ከአጥሩ አስደግፈው፥ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ታጥቀው፥ «ዋስ ነኝና ድንጋይ አቀብሉኝ» አሉ። አንድ ካህን ድንጋይ ሲሸከም ቆሞ ማየት ለባላምባራስ ነውር ሆነባቸው፤ ጥቂት አጉረመረሙ፥ ጥቂት ተቆጡ፥ በኋላም ካባቸውን አውልቀው ለአሽከሮቻቸው፥ «ምን ትገተራላችሁ? የወንድሜ ቤት አይደለም እንዴ?» ብለው ጭቃ ወደሚቦካበት ቀድመው ገቡ። እንዲህም ሆኖ፥ የሚያፈርሰው የሚያንጸውን፥ የሚቆጣው የሚስቀውን እየረዳ፥ ግድግዳው ዳግመኛ ተነሣ፤ የመጨረሻው ሣር በክዳኑ ላይ በታሰረ ጊዜም ደመናው ገና አልተፈታም ነበር።

ሰኔም ገባች፤ በአንድ ቀትር ሰማዩ ተቀዶ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናም በከተማዪቱ ላይ ወረደ። ተገኘ በዚያን ጊዜ ወደ ሌላ አገር ለሌላ ሥራ ሄዶ ነበር፤ ባላምባራስ ቸኮልም ከዚያ በኋላ ስለ ግቢያቸው ዳግመኛ አላነሡም፥ ይልቁንም ለእንግዳ ሁሉ «ይህን ግድግዳ ያሠራነው እኛ ነን» እያሉ ይናገሩ ነበር። እናንዬ ልጇን እንዳዘለች ወደ ምሥራቁ ግድግዳ ቀረበች፤ መዳፏንም ከመሠረቱ እስከ ትከሻዋ እያሻቸች ዳሰሰችው፤ ደረቅ ነበር። በልቧም ያን ባለ እውነት ሐናፂ፥ ያን ተሳዳቢ ዋስ፥ ያን ቁጡ የባሏን ወንድም አንድ በአንድ እያሰበች መረቀቻቸው፤ ለመሪጌታ ልትናገረው ያዘጋጀችው ብዙ ቃል ነበረ፥ ካፏ ግን ከ«እግዜር ይስጥልኝ» ያለፈ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ዝናሙም ድንጋዩን እየደበደበ ሲያገሣ ታናሹን ልጇን ከጀርባዋ አወረደች፥ አጎዛውንም ከዚያው ከግድግዳው ሥር አነጠፈች፤ የአፍ ምስጋና ከደጅ ሳይወጣ የሚበርድ፥ የእምነት ምስጋና ግን ግንቡ ቆሞ እስካለ ድረስ የሚጸና ነውና፥ እናንዬ ሕፃኑን በዚያ አስተኝታ፥ ዞር ብላም ሳታይ፥ ጥጧን ልታባዝት ወደ ጓዳዋ ገባች።