ምሳ ሰዓት ላይ የሚተኛው ባሕር

«የዝና አምፖል ከመቀየር ሌላ ምን ታውቃለች?» ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛዋ የቀድሞ አለቃ ደባልቄ ነው። አሶሳ ደግሞ ወሬ እግር የማያጣባት ከተማ ናት። ስለዚህ የምግብ ቤቱ ባለቤት አልአሚን «የባሕር መብራት ትገጥሚልኛለሽ?» ብሎ ሲጠራት፣ የባሕር መብራት አይታ የማታውቀው የዝና «ምን ችግር አለው!» ብላ መሰላሏን ተሸክማ ከተፍ አለች።

ባሕሩ ከልብስ ሻንጣ የማይበልጥ የመስታወት ገንዳ ነበር። ጅቡቲ የሚሠራው የአልአሚን ወንድም ያመጣቸው ሦስት ዓሦችና ትንሽ ኮራል አሉበት። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ ያለው ፍጥረት ነው፤ ብርሃን ሲያገኝ እንደ አበባ ይከፈታል፣ ሲጨልምበት ይኮማተራል።

«ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እናቴን ምሳ ጋብዣታለሁ» አላት አልአሚን። እናቱ ሐጃ ብኸይታ ፖርት ሱዳን ተወልደው በትዳር አሶሳ የገቡ ናቸው፤ ባሕር ካዩ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። «ተከፍቶ እንድታየው ነው የምፈልገው። አደራ!»

የዝና የኤልኢዲ መብራቱን ከውኃው አንድ ስንዝር ተኩል ከፍ አድርጋ ገጠመችው። አልአሚን «ሙሉውን ልቀቂው እንጂ!» ቢላትም፣ «ኮራሉን ልትጠብሰው ነው እንዴ?» ብላ ብርሃኑን ከግማሽ በታች አደረገችው። ከዚያ መብራቱን በሚያዘው ስልኳ ላይ የማብሪያ ሰዓቱን 2፡00፣ የማጥፊያውን 12፡00 ብላ ሞላችና እጇን አራግፋ ወጣች።

በማግስቱ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ መብራቱ ድርግም ብሎ ጠፋ። ፍሪጁ ግን ይሠራል። የዝና መጥታ በእጇ ስታበራው ለጥቂት ደቂቃ በርቶ ተመልሶ ጠፋ። ሶኬቱን ቀየረች፤ በሦስተኛው ቀንም ስድስት ሰዓት ላይ ጠፋ። ገመዱን ቀየረች፤ ያው ነው።

«ወላሂ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ይነቃል፣ ቀን ይተኛል» አላት ዘበኛው ዐብዱልቃድር።

«የተኛኸውስ አንተ ነህ!» ብላ ሳቀችበት።

ዓርብ ሲደርስ ሳቁ ጠፋ። እንደለመደው ስድስት ሰዓት ላይ ሲጨልም የዝና መብራቱን ከነእግሩ አውርዳ ፈታታችው። ደባልቄ ምን እንደሚል ታሰባት፤ ከደባልቄ ይልቅ ግን የአልአሚን ፊት አስፈራት። ሐጃ ብኸይታ ነጭ ቶባቸውን፣ ያን ረጅም የሱዳን ነጠላ፣ እንደለበሱ ሲገቡ ብሎኑ ገና እጇ ላይ ነበር።

ሐጃ ወደ ገንዳው ጎንበስ አሉ። ኮራሉ ጭብጥ ብሏል። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ለምን ተኛ?» አሏት።

«መብራቱ ስድስት ሰዓት ላይ እየጠፋ አስቸገረኝ፣ እማማ።»

«ስድስት?» ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያልፈቱትን የእጅ ሰዓት አዩ። «የእናንተ ስድስት፣ የእኔ አስራ ሁለት ነው። እዚህ አገር መጣሁ፣ ሰዓት ግን አልቀየርኩም።»

የዝና ብሎኑን ጣለችው። አስራ ሁለት! እሷ የሞላችው ከጠዋቱ ሁለት እስከ ማታ አስራ ሁለት ብላ ነው። መብራቱ ግን እንደ ሐጃ ከእኩለ ሌሊት ነው የሚቆጥረው፤ የታዘዘውን በትክክል እየፈጸመ አራት ቀን ሙሉ ሲሰደብ ከረመ።

«እኔ አልተኛሁም ብያለሁ!» ብሎ ዐብዱልቃድር ከበሩ ጮኸ።

መብራቱን መልሳ ሰቅላ 8፡00 እና 18፡00 ብላ ሞላች። ገንዳው ቀስ ብሎ ሰማያዊ ሆነ። ምሳው ቀረበ፤ ሐጃ ግን ወንበራቸውን ወደ መስታወቱ አስጠጉ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከኮራሉ አበቦች አንዷ ተከፈተች፣ ቀጥሎ ሌላዋ፣ ከዚያ ሁሉም። ሐጃ በቶባቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። አልአሚንም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ልጅ ሆኜ በእግሬ እነካው ነበር» አሉ ሐጃ። ከዚያ ሰዓታቸውን ፈትተው የዝና ክንድ ላይ አሰሩት። «ይሄ የባሕር ሰዓት ነው። ሁለተኛ ባሕሩን በቀን እንዳታስተኚው።»

የዝና ወደ ቤቷ ስትመለስ ሆን ብላ በደባልቄ ሱቅ በኩል ዞራ አለፈች። ደባልቄ እጇ ላይ ያለውን ሰዓት አይቶ «ስንት ሰዓት ሆነ?» አላት።

ክንዷን አየት አደረገችና «በከተማው ነው በባሕሩ?» አለችው።