በራሷ የተማረች

ባለሙያው ድረ ገጽ መሥራት ከጀመረ አስራ አንድ ዓመት ሆኖታል። አለቃ የለውም፤ ቢሮው የሳሎኑ ጥግ ነው። ከመስኮቱ አጠገብ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሰፊ ስክሪን፣ ጀርባ የሚወጋ ወንበር። አንዴ የሠራው ገጽ አይወድቅም ይባልለታል። ጣጣው እስኪሠራው ነው። ደንበኛ "የት ደረሰ?" ባለው ቁጥር "ቤት እንኳን በአንድ ቀን አይቆምም" ብሎ ያሰናብታል።

የሚስቱን ታናሽ እህት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንላት ቤተሰቡ ፌንጣ ይላታል። ከአምስት ዓመት በፊት ሥራ አጥታ እነሱ ቤት በሰነበተችበት ጊዜ፣ ከጠረጴዛው ጎን በርጩማ ስባ ኮድ መጻፍ ጀመረች። ዛሬ የራሷን ክፍል ተከራይታ፣ ለፀጉር ቤቱም ለትምህርት ቤቱም ገጽ የምትሠራው እሷ ሆናለች።

አንድ እሁድ ምሳ ላይ አማቱ ምንም ሳያስቡ ወሬ ጣል አደረጉ።

"የጥርስ ሐኪሙ እኮ ገጹን ለፌንጣ ሰጣት። ተሰልፎ ቀጠሮ መያዝ ቀረ። እኔ ራሴ ትናንት ስልኬን ነካ ነካ አድርጌ ያዝኩ።"

የጥርስ ሐኪሙ ለስድስት ዓመት የባለሙያው ደንበኛ ነበር። ያንኑ የቀጠሮ ነገር ካዘዘው ስምንት ወር አልፎታል።

"ደግ አደረገ" አለና ለራሱ ውሃ ቀዳ።

"አልከፋህም አይደል ጋሼ?" አለች ፌንጣ።

"ምን ይከፋኛል። እድል የየራስ ነው።"

በማግስቱ ሚስቱ ወደ ፋርማሲዋ እንደሄደች የፌንጣን ገጽ ከፈተ። ዓይኑን ሳይጨፍን ተከፈተለት፤ ይኼ ራሱ አበሳጨው። ሙያዋን፣ አገልግሎቷን፣ የሠራቻቸውን ሥራዎች አንድ በአንድ አነበበ። ገጹን በስልክም በኮምፒውተርም ሞከረው። እንከን ፈልጎ አጣ። ልምድ ከሚለው ሥር የመጨረሻዋ መስመር ላይ ሲደርስ "ሙያውን በራሷ የተማረች" ይላል።

"ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ" አለ፣ ሰው በሌለበት ቤት ጮክ ብሎ።

ገጹን መጀመሪያ ስትከፍት የረዳት እሱ ስለነበር የይለፍ ቃሉን ያውቀዋል። ያቺን መስመር ላጥፋ ብሎ ገባ። ብትጠፋ ግን ወዲያው ትነቃለች። እጁ ወደ ስልክ ቁጥሯ ሄደ። የመጨረሻዋን ቁጥር ከሦስት ወደ ስምንት ቀየራት፤ ማንም ሲጽፍ የሚሳሳተው ዓይነት ስህተት ነው። ከዚያ ተነስቶ፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ እጁን ታጠበ።

በሁለተኛው ሳምንት ፌንጣ ስልኳን ይዛ መጣች። "አዲስ ሰው መደወል አቆመ። ምን አጠፋሁ ጋሼ?"

"ገበያ ነው፣ ይመለሳል" አላት። ፊቷ ሲጠቁር እያየ ውስጡ ጣፈጠው፤ መጣፈጡም አሳፈረው። ግን ቁጥሩን አልመለሰም።

በሦስተኛው ሳምንት ደወለች። "ጉድ ልንገርህ። ገጹ ላይ ቁጥሬን ተሳስቼ ጽፌ፣ ሰው ሁሉ ለአንድ ሰዓት ጠጋኝ ሲደውል ከርሟል። አብረኸኝ ና፤ ከሥራው የበዛብኝን አንተ ትወስዳለህ።"

መሄዱን አልወደደም። እምቢ የሚልበት ሰበብ ግን አላገኘም።

የሰዓት ጠጋኙ ሱቅ ስፋቱ ከበር አይበልጥም። ሽማግሌው አጉሊ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ በአሮጌ ካላንደር ገጾች ጀርባ የጻፉትን ዘረጉላት። አስራ አራት ሰው ነው።

"ይቺ ኬክ ጋጋሪ ናት፤ ሰው ቤቱ ሆኖ እንዲያዝ ትፈልጋለች። ይኼ ደግሞ ገጹ ውስጥ ሌባ ገብቶ የቁማር ማስታወቂያ ሞልቶበታል፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ሰዓት ሠሪ ነኝ ብላቸው 'ግድ የለም፣ ይንገሩልን' ይሉኛል።"

"እንዴት አገኙኝ አባባ?"

"የስልኬን የመጨረሻዋን ቁጥር ከዜሮ ጀምሬ እየቀያየርኩ ደወልኩ። አንዷ ሰደበችኝ። አራተኛው ላይ አንቺ አነሳሽ።"

ፌንጣ ወረቀቶቹን ተቀብላ፣ አመስግና ወጣች። እግረኛ መንገዱ ላይ "እንዲህ ዓይነት ስህተት ከኔ" እያለች ራሷን ስትወቅስ ባለሙያው ቆመ።

"አንቺ አይደለሽም። ቁጥሩን የቀየርኩት እኔ ነኝ።"

ቀልድ መስሏት ፊቱን አየች። ቀልድ አልነበረም።

"ለምን?"

"በራሷ የተማረች ብለሽ ጻፍሽ። የኔ ጠረጴዛ የት ሄደ?"

"መቼ አስተማርከኝ?" ድምፅዋ ከፍ አላለም። "ስጠይቅህ 'ኋላ' ትለኝ ነበር። ጠጋ ስል ስክሪኑን ታዞረዋለህ። መሸት ሲል ከጀርባህ ባለው መስኮት መስታወት የስክሪኑን ግልባጭ እያየሁ ነው የለቀምኩት። የቀረውን ከመጽሐፍ።"

ሊከራከር ነበር። ስክሪኑን ሲያዞር ትዝ አለውና "አዞር ነበር" አለ።

ወረቀቶቹን ደረቱ ላይ ጫን አድርጋ ሰጠችው። "አስራ አራቱንም አንተ ትደውልላቸዋለህ፤ እኔ እየሰማሁ። ምን እንደምችል፣ ምን እንደሠራሁ ትነግራቸዋለህ። ለእህቴም የምትነግራት አንተ ነህ።"

ክፍሏ ውስጥ ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። የመጀመሪያው ላይ ምላሱ ተሳሰረ። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ግን አንድ ነገር ገባው፤ ሥራዋን ከሱ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። የትኛው ገጽ በስንት ቀን እንዳለቀ፣ የትኛው ሳይሰናከል ስንት ሰው እንደሚያስተናግድ፣ ሁሉንም ቅናት በቃሉ አስጠንቶታል። ዘጠኙ ሌላ ሰው አግኝተው ነበር። ኬክ ጋጋሪዋ እስኪጨርስ ሰምታ ጠየቀችው።

"አንተ ጸሐፊዋ ነህ?"

"እኔም ድረ ገጽ ሠሪ ነኝ።"

"ታዲያ ለምን አንተ አትሠራልኝም?"

ፌንጣ ዓይኗን አልነቀለችም። ባለሙያው ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ።

"እሷ ትሻልሻለች። እኔ ብሠራው የዛሬ ዓመት ነው የሚደርስልሽ።"

ሴትዮዋ ሳቀች። ፌንጣ አልሳቀችም። የይለፍ ቃሉን እዚያው እሱ ፊት ቀየረችው። የመጡትን አምስት ሥራዎችም ለብቻዋ ያዘቻቸው።

ሚስቱን ዕቃ ስታጥብ ጠብቆ ነገራት። ቧንቧውን ዘጋች፤ "እሷን እኮ እኔ ነኝ ያሳደግኳት" አለችው፤ ሁለት ቀን አላናገረችውም።

ቅናቱ ለቀቀው ማለት አይደለም። አሁንም አንዳንድ ጠዋት ገጿን ይከፍታል፤ አዲስ ሥራ ተጨምሮ ሲያይ ሆዱን ያቃጥለዋል። ግን ቃጠሎው ሳይበርድ የራሱን ሥራ መክፈት ለመደ። ዓመት ያስጠበቀውን የቀለም ነጋዴ ገጽ በሃያ ቀን ጨረሰና ፌንጣን እዪልኝ ብሎ ለመናት። ከሳምንት በኋላ መጣች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ ሳትቀመጥ፣ ከላይ እስከ ታች አየችውና ሁለት ስህተት አወጣችለት። ቆማ እያየችው ሁለቱንም አረመ።