መብራት ሲበራ የሚጠፋው ኳስ

እትዬ ፀዳለ እንደሚሉት የኮሌጁ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን በሜዳው ማታ ሲጫወት አይቀናውም። ቀን ያሸንፋል፤ መብራት ሲበራ ይሸነፋል፤ አለቀ። ማስረጃቸው የገዛ ምግብ ቤታቸው ነው። የማታ ጨዋታ ባለ ቁጥር ቲቪው ፊት የሚቀመጠው ሰው ምግብ አዝዞ ሳይበላ ይሄዳል፤ ትሪው እንደወጣ ይመለሳል።

ጋሽ ዘርዓብሩክ እንደሚሉት ደግሞ ይህ ቡድን መብራት በርቶለት የተሸነፈበት ጊዜ በፋኖስ ቢፈለግ አይገኝም። እሳቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከስታዲየሙ አጠገብ ባለው መኪና ማቆሚያ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድም ቀን ገብተው ጨዋታ አላዩም፤ ውጤቱን ግን ከማንም በፊት ያውቁ ነበር። ያሸነፈ ጡሩንባውን እያንባረቀ ይወጣል፤ የተሸነፈ መኪናውን የት እንዳቆመ እንኳ ይጠፋዋል። “ማታ ማታ በጡሩንባ ብዛት ጆሮዬ ይደነቁር ነበር” ይላሉ።

የዚያን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክርክሩ የተጋጋለው ያለ ምክንያት አይደለም። የዓመቱ የመጨረሻ የሜዳ ጨዋታ ለቅዳሜ በቀን ተይዞ ሳለ፣ የቴሌቪዥን ጣቢያው ወደ ማታ አዛወረው። ጉዳዩ የሐበሾቹ ሰፈር የፌርፋክስ ጉዳይ የሆነውም በኖላዊ ነው። የጋሽ ዓለምሰገድ ልጅ ኖላዊ ለዚህ ቡድን መጫወት ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ሥራው ተጋጣሚ ወደ ሰማይ አጉኖ የሚመታውን ያንን ሞላላ ኳስ ከኋላ ቆሞ መቅለብና ይዞ መሮጥ ነው። በሩጫው የሚታማ አልነበረም። ነገር ግን ኳስ መጣል አበዛ። አሰልጣኙም አንድ ከደገመ ቦታውን ለሌላ እንደሚሰጥበት ነግሮታል። ቦታው ከሄደ የሚማርበት ስኮላርሺፕም አብሮ መሄዱ ነው።

ለይኩን ይህን ከኖላዊ አፍ ሰምቷል። ኢንግልዉድ ውስጥ በአንድ ግቢ ያደጉ ናቸው፤ ለይኩን በዕድሜ ስለሚበልጥ የሂሳብ የቤት ሥራ የሚያሳየው እሱ ነበር። ለይኩን ስታቲስቲክስ አጥንቶ ሚራክል ማይል ሰፈር አንድ ኢንሹራንስ ቢሮ ተቀጥሯል። የዚያን ዕለት ከሥራ ቀደም ብሎ ወጥቶ፣ የጾም በያይነቱን በልቶ፣ ሻዩን ይዞ ሁለቱን ያዳምጥ ነበር።

“እስቲ ዳኘን” አሉት እትዬ ፀዳለ። “አንተ አታዳላም።”

“ሳያዳላ ከፈረደማ አለቀልዎት!” አሉ ጋሽ ዘርዓብሩክ። “የተረታ ቅዳሜ የተጋጣሚን ቆብ አድርጎ ያመሻል። ኦኬ?”

“ኦኬ! ቆቡም ቢሆን የሚያስፈልገው ለእርስዎ መላጣ ነው።”

ለይኩን ስልኩን አወጣ። ኮሌጁ የሜዳ ጨዋታዎቹን በሙሉ ከነሰዓታቸው ድረ ገጹ ላይ አስቀምጧቸዋል። ለይኩን ችኩል ሰው አይደለም፤ የቀኑን ከማታው እየለየ ድሮ ከተጀመረበት እስከ ዘንድሮ ወረደ። ሻዩ ቀዘቀዘ። ሁለቱ አዛውንቶች የፍርድ ቤት ባለጉዳይ ይመስል አፍ አፉን ያዩታል።

“ሁለታችሁም ልክ ናችሁ” አለ በመጨረሻ።

“ምን ዓይነት ዳኛ ነው ይሄ!” ጋሽ ዘርዓብሩክ ጠረጴዛውን መቱት። “አስታርቅ መቼ አልንህ?”

“ይስሙኝ፣ ጋሼ። ከጥንት ጀምሮ ከተቆጠረ እንደ ማታ የሚቀናቸው የለም። ከአምስት ጨዋታ አራቱን ያሸንፋሉ። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ለብቻ ካየን ግን ማታ በሜዳቸው አንድም አላሸነፉም። ቀን ደግሞ አንድም አልተሸነፉም።”



“አንድም?” አሉ ጋሽ ዘርዓብሩክ። “ከሁለት ዓመት ወዲህ ምን መጣ? አሰልጣኙ ያው፣ ሜዳው ያው፣ መብራቱ ያው…”

“ኖላዊ ነዋ የመጣው!” አሉ እትዬ ፀዳለ በኩራት። ያሉትን የሰሙት ካሉት በኋላ ነው። እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ።

“ቆይ፣ ቆይ” አለ ለይኩን። “ጨዋታዎቹ ጥቂት ናቸው። በአንድ ልጅ ደግሞ ቡድን አይሸነፍም።” የሚያምንበትን ነው የተናገረው። ሆኖም ኖላዊ የጣላቸው ኳሶች አንድ በአንድ ትዝ አሉት፤ በሁሉም ውስጥ ሰማዩ ጥቁር ነበር።

“ዓይን ነው” አሉ እትዬ ፀዳለ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ሰው በዓይኑ በላው። እንዲያው ጾመኛው አባቱ በዚህ በጾም ለልጁ ጉበት የሚያስጠብሱኝ ለምን ይመስላችኋል? ልጁ ቢመነምንባቸው ነው።”

“ቀን የማይበላ ዓይን ማታ ማታ ብቻ ይርበዋል?” አሉ ጋሽ ዘርዓብሩክ፤ አባባላቸው ግን የቀልድ አልነበረም።

በዚህ መሃል በሩ ተከፈተና አባትና ልጅ መጡ።

ጋሽ ዓለምሰገድ በፌርፋክስ በትሕትናቸው የታወቁ ናቸው። የትም ቤት ሲሄዱ ደፉ ላይ ይቆማሉ። እጃቸውን መቃኑ ላይ አሳርፈው፣ ፈገግ ብለው፣ ባለቤቱ መጥቶ “በሞቴ ይግቡ” እያለ እጃቸውን ይዞ እስኪያስቀምጣቸው አይነቃነቁም። ልጃቸውም እንደዚሁ። “እዚህ ተወልዶ እንዲህ ያለ ጨዋ!” እየተባለ ለሌሎች ልጆች ምሳሌ ይጠቀሳል። ሁልጊዜም ሮጠው እጃቸውን የሚይዙት እትዬ ፀዳለ ናቸው።

ዛሬ ግን ሲያሟቸው ስለደረሱባቸው፣ እትዬ ፀዳለ እጃቸውን መልሰው አፋቸው ላይ አድርገው ደንዝዘው ቀሩ። ማንም አልተነሣም።

አባትና ልጅ ከኋላቸው የፌርፋክስ ፀሐይ እያንጸባረቀች፣ ጨለም ባለው ቤት ደፍ ላይ ጎን ለጎን ቆሙ። የሁለቱም እጅ መቃኑ ላይ ነው። ሁለቱም ፈገግ ብለዋል። ለይኩን እጁን አንሥቶ ሰላም አላቸው፤ መልስ የለም። ያኔ ነው ፈገግታቸው ወዴት እንደሆነ ያስተዋለው። በግራ በኩል ወዳለው ባዶ ግድግዳ ነበር። ሁልጊዜ ሰው የሚቀመጥበት ጠረጴዛ እዚያ ነበር፤ ለቅዳሜ ጨዋታ ተብሎ ጠዋት ተነሥቷል። ፈገግ የሚሉት ለማንም አልነበረም።

ለይኩን እጁን እንዳነሣ ቀረ። 

“ግቡ እንጂ!” አሉ ጋሽ ዘርዓብሩክ። “ዛሬም እስክትለመኑ ነው?”

ኖላዊ ወደ ድምፁ ተራመደ። ሁለት እርምጃ እንደሄደ መሃል ላይ የቆመ ወንበር ጋር ተጋጭቶ በጉልበቱ ወደቀ። ሜዳ ላይ አሥራ አንድ ሰው የሚያመልጠው ልጅ አንድ ወንበር ማምለጥ አቃተው።

ማንም አልሳቀም። እትዬ ፀዳለ “በስመ አብ!” ብለው አነሡት፤ አባቱንም መርተው አስቀመጧቸው። ለይኩን ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ሳይቆጣ፣ የቤት ሥራ እንደሚያሳየው ጊዜ ባለ ድምፅ ጠየቀው።

“እጄን አንሥቼ ሰላም ስልህ ነበር። አይተኸኛል?”

“አሁን አየሁህ” አለ ኖላዊ። “ከፀሐይ ስገባ ትንሽ ጊዜ ይወስድብኛል።”

“ማታስ? ኳሱ ሲመጣ?”

ኖላዊ አባቱን ዞር ብሎ አየ። ጋሽ ዓለምሰገድ “ተው” አሉ በቀስታ። ልጁ ግን የወደቀበትን ጉልበት እያሻሸ ነበር፤ ሊተው አልቻለም።

“ሲመታ አየዋለሁ። ከመብራቶቹ በላይ ሲወጣ ይጠፋል። ሶ፣ ሰማዩን አላይም፤ ወደ እኔ የሚሮጡትን ሰዎች እግር ነው የማየው፤ እነሱ ወደሚሄዱበት እሄዳለሁ። ደረቴን ሲመታኝ እይዘዋለሁ፣ ወይም እጥለዋለሁ። መጀመሪያ ሁሉም ሰው እንደዚህ ይመስለኝ ነበር።”

“ዳፍንት” አሉ ጋሽ ዘርዓብሩክ በሹክሹክታ። “እናንተ ሰዎች፣ ልጁ ዳፍንት አለበት!”

“ጉበቱ!” አሉ እትዬ ፀዳለ። “ለእሱ ነው ጉበቱ? ያውቁ ነበር፣ ጋሽ ዓለምሰገድ?”

ጋሽ ዓለምሰገድ አንገታቸውን ደፉ። “አባቴም ነበረበት። ወገባችን ላይ ገመድ አስረን ከሠርግ ቤት እንመልሰው ነበር። በአገራችን ዳፍንታም ከተባልክ ልጅህን የሚያገባ የለም። ጉበት ያድናል ይባላል፤ እኔ ብዙ በላሁ። ለእኔ አልሆነም። ለእሱ ይሆን ይሆናል ብዬ ነው።”

“ለእኔ አልሆነም?” አለ ለይኩን። የሰማውን ቃል ደገመው እንጂ ለመጠየቅ አስቦ አልነበረም። “ጋሼ፣ እርስዎ… ታክሲ የሚነዱት ማታ አይደለም?”

ጋሽ ዓለምሰገድ ከአየር ማረፊያው ሰው እየጫኑ፣ ይህን ሁሉ ዓመት፣ ከመሸ በኋላ ነው የሚሠሩት። እዚያ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል።

“እኔን!” እትዬ ፀዳለ ወንበር ላይ ዘጭ አሉ። “ከነእህቴ፣ ከነልጇ፣ ከአየር ማረፊያ ግሌንዴል ድረስ የወሰዱን እርስዎ ነዎት! በፍሪዌይ! ያን ያህል ቀስ ሲሉ ለሕፃኑ ተጠንቅቀው መስሎኝ መርቄዎታለሁ!”

“መንገዱን በቃሌ አውቀዋለሁ” አሉ ጋሽ ዓለምሰገድ። “የፊተኛውን መኪና ቀይ መብራት እከተላለሁ። ሰው ነክቼ አላውቅም።”

“የፊተኛው ከመንገድ ቢወጣስ?” አሉ ጋሽ ዘርዓብሩክ።

 ጋሽ ዘርዓብሩክ በዕድሜያቸው ሙሉ ያዩት የመኪና መብራት ሁሉ አሁን የሚያስፈራቸው ይመስል በመስኮቱ ወደ ጎዳናው አዩ። ለይኩንን ደግሞ ከሁሉ ያስደነገጠው ሌላ ነገር ነበር፤ በዚያ ደፍ ላይ ስንት ጊዜ አይቷቸዋል፣ ስንት ጊዜስ ጨዋነታቸውን አድንቆ አልፏል።

“ሐኪም ይየው” አለ። “የእርስዎንም የእሱንም ዓይን። ምናልባት የሚደረግ ነገር ይኖር ይሆናል፣ ምናልባትም አይኖርም። ሳይታይ ግን አይታወቅም።”

“ከቅዳሜ በኋላ” አሉ ጋሽ ዓለምሰገድ። “ቅዳሜ ብቻ ይለፍ። አሁን ከተናገረ ቦታውን ይወስዱበታል። እስከዛሬ እንዳለፈው ያልፋል።”

የኅዳር ፀሐይ ቶሎ ትጠልቃለች። ከጎዳናው ማዶ ያለው ግድግዳ ብርቱካንማ ሆኖ ነበር። ጋሽ ዓለምሰገድ እንደ ልማዳቸው ብርሃኑን አይተው ተነሡና የታክሲውን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ። “ሺፍቴ ደረሰ” አሉ፤ ምንም እንዳልተባለ ሁሉ። የሰው ዓይን ግን ቁልፉ ላይ ነበር።

ኖላዊ ተነሥቶ የአባቱን እጅ ያዘ፤ እትዬ ፀዳለ ደፉ ላይ እንደሚይዟቸው አድርጎ። ቁልፉን ከጣታቸው አላቅቆ ጠረጴዛው ላይ ለይኩን ፊት አስቀመጠው። ድምፁ ለቤቱ ሁሉ ተሰማ።

“ቅዳሜ አልሰለፍም። ለአሰልጣኙ ለምን እንደሆነ አሁኑኑ ደውዬ እነግረዋለሁ፤ ቦታዬን ከወሰደ ይውሰድ። አባ፣ አንተም ከዛሬ ጀምሮ ማታ መሪ አትይዝም። ወደ ቤት የሚወስደን ለይኩን ነው።”