የቆመው አውቶቡስ ባለአክሲዮኖች

ከዘቢዳር ተራራ የሚወርደው ጉም በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ አውቶቡሱ የሚሄድ ይመስል ነበር። እኔማ ወላሂ ይሄዳል ብዬ ነበር የምቀመጠው። ዓይኔን ከደን ከፈት ሳደርግ ቡታጅራ ወደ ኋላ ትቀራለች፣ ቀጣዩ ከተማ ይመጣል፣ በየደጁ የተሰጣው የማረቆ በርበሬ ቀልቶ ይታየኛል። ጉሙ ሲገፈፍ ግን እዚያው ነን፤ እኔም፣ ሰማያዊው አውቶቡስም፣ ከከተማው መውጫ ካለው ሾላ ሥር።

አውቶቡሱን ያመጣው ባዩ የሚባል የአዲስ አበባ ሰው ነው። ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ሳሉ ነው እንግዲህ። ባዩ ክርስቲያን ቢሆንም "አሰላሙ ዐለይኩም" ሲል ከእኛ ሰው ያሳምረዋል፤ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። አክሲዮን የሚለውን ወረቀት ይሸጥልናል። አውቶቡሱ አዲስ አበባ ሲመላለስ የወረቀቱ ባለቤት በየዓመቱ ትርፍ ይካፈላል፣ የራሱ ወንበርም ይኖረዋል። ሞተሩ ከባሕር ማዶ እየመጣ ነው፤ እስከዚያው በገበያ ቀን ብቅ እያላችሁ ወንበራችሁን ሞክሩ አለን። እኔም አባቴ ለሰርጌ ከሰጠኝ ላም የተወለደችውን ጊደር ሸጥኩና የመስኮቱን ወንበር መረጥኩ። ሐሳቤ በትርፉ ገበያው ውስጥ የራሴን የበርበሬ ሱቅ መክፈት ነበር። ፀሐይ ላይ ተቀምጦ መሸጥ ሰልችቶኛል።

ባሌ ሸረፋ ሣቀብኝ። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አለኝ። ይበለኝ፤ እሱም ግን ወረቀቱን ገዝቷል። ሲጠይቁት "እኔ ላገር ብዬ ነው" ይላል፤ አንድ ቀን እንኳ አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ አልተቀመጠም።

ይህን "ላገር" የሚሉትን ቃል ልብ በሉልኝ፤ ሊያስበላን የነበረው እሱ ነው። የእኛ ሰው የአዲስ አበባውን መንገድ ያወጣው በዶማውና በአካፋው፣ በየኪሱ ባለው ሳንቲም ነው። መርካቶ ያለው ያዋጣል፣ እዚህ ያለው ይቆፍራል። የሰጠ ሰው ደግሞ መልሱልኝ አይልም፤ ቢል ከሰው አይቆጠርም። ባዩ ይህን ጠባያችንን ከእኛ በላይ ያውቀው ነበር።

ሞተሩ ሳይመጣ ክረምት መጣ፣ ሌላም ክረምት መጣ። በመጨረሻ አቶ አበራ የሚባል የመንግሥት ነገረ ፈጅ መጥቶ ባዩን በአውራጃው ፍርድ ቤት ከሰሰው። ማኅበሩ በንግድ መዝገብ አልተመዘገበም፣ አክሲዮን ለሕዝብ እንዲሸጥም አልተፈቀደለትም፤ ስለዚህ የሰበሰበውን ይመልስ ነው ክሱ። እስር አልተጠየቀበትም። ፍርድ ቤቱ ባዩ ቤቱን እንዳይሸጥ፣ ባንክ ያለውን ገንዘብ እንዳይነካ አገደበት፤ የአውቶቡሱንም በር አሸገው። ከዚያ ወዲያ መስኮቴን ከውጭ ቆሜ ነበር የማየው። ከውጭ ሲያዩት አይሄድም።

የባዩ መልስ አጭር ነበር። "እኔ አክሲዮን አልሸጥኩም። እንደ መንገዱ ሁሉ ለልማት መዋጮ ነው የሰጡኝ። ይጠየቁ" አለ። ወረቀቱ ላይ ትርፍ የሚል ቃል የለም፤ ትርፉን በአፉ ብቻ ነበር የነገረን። ዳኛው "ምስክሮቹ መዋጮ ነው ካሉ እግዱን ዛሬውኑ አነሳለሁ" አሉ። እግዱ ከተነሳ ባዩ ገንዘቡን አውጥቶ በዚያው በእኛ መንገድ ላይ እንደሚሄድ ሁላችንም ገብቶናል።

መጀመሪያ ከድሮ የሚባለው ልብስ ሰፊ ለምስክርነት ቆመ።

"ትርፍ አገኛለሁ ብለህ ነው የሰጠኸው?" አለው አቶ አበራ።

ከድሮ ዞር ብሎ አብረውት የቆፈሩትን ወንዶች አየ። "ላገር ነው፣ ጌታዬ" አለ።

ሸረፋ ተጠራ። "ላገር ነው።"

አቶ አበራ ላቡን ጠረገ። ባዩ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ እንደሚያዝንልን ሰው ያየን ነበር። በልቤ ረገምኩት።

ተራዬ ደረሰና በቁርዓን ማልኩ። ከዳኛው ጀርባ ባለው መስኮት ጉሙ ያልፋል። ዓይኔን ጨፈን ባደርግ ፍርድ ቤቱ ራሱ መሄድ ጀመረ፤ ዳኛውም፣ የጃንሆይ ፎቶግራፍም፣ ሰዉም ሁሉ ተሳፍሯል። እኔ በመስኮቴ በኩል ተቀምጫለሁ፣ ሱቄ ከፊቴ እየመጣ ነው።

"ለትርፍ ነው" አልኩ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። "ጉድ!" አለ ሰዉ። ሸረፋ መሬት መሬት አየ።

"ላገር የሰጠሁትንማ በእግሬ እሄድበታለሁ፣ ጌታዬ። ለቆፋሪዎቹ ቆጮ ተሸክሜ ስወጣ ላገር ነበር፤ እሱን መልሱልኝ አላልኩም። ጊደሬን የሸጥኩት ግን ለራሴ ነው። ይኼ ሰው በየዓመቱ ትርፍ ትካፈያለሽ አለኝ፣ እኔም ፈለግኩ። መፈለግ ነውር ከሆነ ነውሩ የእኔ ይሁን፤ ማታለሉ ግን የሱ ነው።"

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ቀሎኝ አያውቅም። ከዚያ ከድሮ ተነሳ። "ጌታዬ፣ ቃሌን ላቃና። እኔም ለትርፍ ነበር" አለ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተነሱ። ሸረፋ ብቻ እንደተቀመጠ ቀረ።

ዳኛው ወረቀቱ ሳይመዘገብ የተሸጠ አክሲዮን ነው ብለው ፈረዱ። የባዩ ቤትም አውቶቡሱም በሐራጅ ተሸጦ ገንዘቡ ተከፋፈለልን። የደረሰኝ ጊደር አይገዛም፤ ጥጃ ይገዛ ይሆናል። ሸረፋ ግን በርበሬው እስኪለቀም አላናገረኝም። በልቶ ሲጨርስ "አልሐምዱሊላህ" ይላል፤ እሱም ቢሆን ለአላህ እንጂ ለእኔ አልነበረም። ሱቁንም፣ ጊደሯንም፣ ባሌንም አጣሁ ብዬ ብቻዬን አለቀስኩ።

አውቶቡሱን የገዛው የወልቂጤ ብረት ነጋዴ ነው። ሊወስደው በመጣ ጊዜ ከሾላው ሥር ጎታቹ መኪና እስከቆመበት ዋናው መንገድ ድረስ በሰው ትከሻ መገፋት ነበረበት። መንገዱን የቆፈሩት ወንዶች ተሰበሰቡ። እሽጉ ተቀደደ፣ በሩ ተከፈተ፤ እኔ ዳር ቆሜያለሁ። ሸረፋ ከኋላ ትከሻውን አስደግፎ ነበር።

"ምን ትገተሪያለሽ? ግቢ እንጂ!" አለኝ።

ገብቼ መስኮቴ ጋ ተቀመጥኩ። "ቢስሚላህ!" አሉ። አውቶቡሱ አቃሰተ፣ ተንገዳገደ፣ ከዚያ ሄደ። ጉሙ ያን ቀን ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የሚሄደው አውቶቡሱ ነበር። ሾላው ወደ ኋላ ሲቀር በዓይኔ አየሁ።

በተሰበረው የኋላ መስታወት በኩል ሸረፋ ቁና ቁና እየተነፈሰ ጠራኝ።

"ዘይባ!"

"አቤት፣ የሀቢቡ አባት!"

"ከጎንሽ ያለው ወንበር የእኔ ነው። ወረቀቱን ስገዛ የመረጥኩት እሱን ነው። ማንም እንዳይቀመጥበት።"

ነጠላዬን አጥፌ ወንበሩ ላይ አኖርኩለት።